ለአንድ ሰው ብቻ የሚበቃ መድኃኒት

ጡረታ ስወጣ ወጣቶቹ ባልደረቦቼ ኬክ ቆረሱልኝ፣ ጋቢ አለበሱኝ፣ ከዚያ ደግሞ አዲሱን መሣሪያ ሊያሳዩኝ እጄን ይዘው አስገቡኝ። ከአንድ ጠብታ ውስጥ የጀርሙን ዘረ መል የሚያነብ መሣሪያ ነው። አንዷ ልጅ፣ «እማማ አስካለ፣ በእናንተ ጊዜ ይኼ ሁሉ አይታወቅም ነበር አይደል?» አለችኝ። በቅንነት ነው ያለችው፤ እኔ ግን ተናደድኩ። ንዴት ዱሮም ቅርቤ ነው። «ይታወቅ ነበር እንጂ! ቢቸና ላይ በእንጨት ሣጥንና በፋኖስ አይተነዋል» አልኳት። ቀልድ መስሏት ሳቀች። እንግዲህ ይኼን የምጽፈው ለእሷ ነው፤ ሌላውም ቢያነበው አልከለክልም።

የደብረ ማርቆስ ልጅ ነኝ። በንጉሡ ዘመን መጨረሻ ግድም አዲስ አበባ በላቦራቶሪ ረዳትነት ሠልጥኜ ቢቸና ጤና ጣቢያ ተመደብኩ። ስለ ደመወዙ ብዙ አልልም፤ ደመወዝ መባሉም ለወጉ ነው። ነጭ ካፖርት ስለምለብስ አገሩ ሁሉ «ሲስተር» አለኝ። ነርስ አይደለሁም ብዬ ብዙ ተከራከርኩ፤ በኋላ ሰለቸኝና ሲስተር ሆኜ ቀረሁ።

የላቦራቶሪው ኃላፊ ጋሼ ኑረዲን ይባሉ ነበር። የሐረር ሰው ናቸው፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ። ለጥቂት ወራት ብሎ የላካቸው መሥሪያ ቤት ረስቷቸው ዓመታት ቆይተዋል። ዓርብ ዓርብ ለጸሎት ወደ ገበያው በኩል ሲወርዱ የቤተ ክርስቲያኑ ቄሶች ቆመው ሰላም ይሏቸዋል፤ ያላከሙት ቤት የለምና።

እኔ ሥራ የተማርኩት ትምህርት ቤት ሳይሆን እሳቸው ዘንድ ነው። ሥራ ሲጀምሩ እስከ ክርናቸው ይታጠባሉ፤ ሲጨርሱም እንዲሁ። የሰገራ ብልቃጥ ሲመጣላቸው በቁጥር አይጠሩትም። «የማን ነው?» ይላሉ፤ የበሽተኛውን ስም ሳይሰሙ ክዳኑን አይነኩም። ናሙና የሚነሣባትን ቀጭን ሽቦ እሳት ላይ አቅልተው፣ እስክትቀዘቅዝ ዝም ብለው ይጠብቃሉ። እኔ ያን መጠበቅ አልችልበትም ነበር። ትኩሷን ሽቦ ስነክራት ጭስስ ትላለች፣ ልናሳድገው የነበረው ጀርም ተቃጥሎ ያርፈዋል። «አስካለ፣ ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል» ይሉኛል፤ ሌላ ቁጣ የላቸውም።

ጀርም የሚበቅለው በሰው ገላ ሙቀት ነው፤ እኛ ደግሞ የሙቀት መሣሪያ አልነበረንም። ጋሼ ኑረዲን አናጢ ጠርተው ድርብ ግድግዳ ያለው ሣጥን አሠሩ፤ በግድግዳው መሃል ጭድ ጠቀጠቁበት፤ ውስጡ ውኃ የሞላ ቆርቆሮ፣ ከቆርቆሮው ሥር በውጭ በኩል ፋኖስ አደረጉ። የፋኖሱን ክር ከፍ ዝቅ እያደረጉ ሙቀቱን ያስተካክሉታል። የጀርሙን ምግብ ከሥጋ መረቅ እናረጋለን፣ በትንንሽ የመስታወት ሳህኖች ላይ እናፈሳለን፣ ጀርሙን በሽቦ እናሰምርበታለን፣ ከዚያ መጠበቅ ነው።

ከሁሉ በላይ የሚጠነቀቁት ግን ለምስክር ነበር። ምንም ነገር ሲሞክሩ፣ የሚሞከረው ነገር ያልገባበት አንድ ሳህን ከጎኑ ያስቀምጣሉ። ያንን «ምስክሩ» ይሉታል። «ያለ ምስክር አይፈረድም» ይላሉ። ያላዩትን ውጤትም አይናገሩም፤ የወረዳው ገዢ ሰው ልኮ ቢያስጠይቅ እንኳ «ገና ነው» ብለው ይመልሱታል።

ከቢቸና ወጣ ብሎ አንድ የቅኔ ጉባኤ ቤት ነበር። ከየአገሩ የመጡ ተማሪዎች ደበሎ ለብሰው፣ በየጎጇቸው ታጭቀው ይማሩበታል። አንድ ዓመት ክረምቱ ሲገባ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ገባባቸው። መጀመሪያ የመጣው ምሕረቱ የሚባል የሃያ ዓመት ግድም ወጣት ነበር፤ በጓደኛው በልሳኑ ትከሻ ተደግፎ። ምሕረቱ ታሞም ቀልደኛ ነበር። ስሙን ስጠይቀው «ምሕረቱ፤ እስካሁን ግን አልወረደልኝም» አለኝ። ሰገራውን መረመርን፣ ቴትራሳይክሊን በሙሉ ልኩ ሰጠነው፣ አወሳሰዱን ነገርኩት። በሳምንቱ ተሽሎት መጥቶ አመሰገነኝ።

ብዙም ሳይቆይ በቃሬዛ መለሱት። ዓይኑ ጎድጉዷል፣ ከንፈሩ ደርቋል። ያንኑ መድኃኒት እንደገና ሰጠነው፤ ምንም አልሠራም። ሌላ ቀየርን፤ እሱም አልሠራም። ጓደኞቹ ውኃ ያባብስበታል ብለው ሲከለክሉት ሰንብተዋል፤ እኛም ሐሳባችን ሁሉ መድኃኒቱ ላይ ነበር። ልሳኑ ከአልጋው ሥር ተቀምጦ መዝሙረ ዳዊት ይደግምለታል። ምሕረቱ አንድ ጠዋት፣ ዳዊቱ ሳያልቅ፣ አረፈ።

እኔ መድኃኒቱ ተበላሽቷል ብዬ ጮህኩ። የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊውን ያልኩትን አልጽፈውም፤ ሰውየው አሁንም በሕይወት አለ። ጋሼ ኑረዲን አንድ ካፕሱል ከዚያው ጠርሙስ አወጡ። ዱቄቱን በጥብጠው ወረቀት አስነከሩ፣ ወረቀቱን ጀርም በተሰመረበት ሳህን ላይ አስቀመጡ። በአንዱ ሳህን ላይ የምሕረቱ ጀርም አለ። በሌላው ላይ ጉዳት የሌለው፣ በጤነኛ ሰው አንጀት የሚኖር ጀርም አለ፤ ከራሳቸው የወሰዱት ነው።

በማግሥቱ ሳህኖቹን አወጣን። በጋሼ ኑረዲን ጀርም መሃል ወረቀቱ ዙሪያውን ባዶ አድርጎታል፤ መድኃኒቱ ደህና ነው ማለት ነው። የምሕረቱ ጀርም ግን እስከ ወረቀቱ ጠርዝ ድረስ በቅሏል። ሌሎች መድኃኒቶችም ሞከርን። ክሎራምፌኒኮሉንም፣ ሰልፋውንም፣ ስትሬፕቶማይሲኑንም ንቋቸዋል። ስትሬፕቶማይሲን ደግሞ በዚያ ጉባኤ ቤት ማንም ወስዶ አያውቅም።

«ያላየውን ጠላት እንዴት ለመደው?» አልኩ።

ጋሼ ኑረዲን ተቀመጡ። ትልቅ ነገር ሲናገሩ ቆመው አይናገሩም። «አልለመደውም፤ ተቀበለው እንጂ» አሉ። ሰው የላከላቸውን መጽሔት አንብበው ኖሯል፤ ሆኖም መጽሔት አለ ብለው አያምኑም። «እንየው» አሉኝ።

የሠራነው ይኼን ነው። የወተት ስኳርና ቀለም ያለበት ምግብ አረጋን። የአንጀቱ ደህና ጀርም የወተቱን ስኳር ስለሚበላ በዚህ ምግብ ላይ ቀልቶ ይበቅላል፤ የደም ተቅማጡ ጀርም ስኳሩን ስለማይበላ ገርጥቶ ይበቅላል። ስለዚህ በዓይን ይለያሉ። ምግቡ ውስጥ ቴትራሳይክሊን ጨመርን። ከዚያ በአንዱ ሳህን የምሕረቱን ጀርም ብቻ፣ በአንዱ የጋሼ ኑረዲንን ብቻ፣ በሦስተኛው ደግሞ ሁለቱን በአንድ መረቅ አብረው ካደሩ በኋላ ዘራን።

እኔ ፋኖሱን ስጠብቅ ዋልኩ። ጊዜው ደርሶ ሣጥኑ ሲከፈት በመጀመሪያው ሳህን ላይ ገርጣጣ ጀርም ሞልቷል። ሁለተኛው ባዶ ነው፤ መድኃኒቱ ፈጅቶታል። በሦስተኛው፣ በገርጣጣው መሃል፣ ጥቂት ቀያይ ነጠብጣቦች ነበሩ።

ደህናው ጀርም ነው። ትናንት መድኃኒቱን ፈጽሞ የማይችለው ጀርም ከክፉው ጋር አንድ ሌሊት አብሮ ስላደረ ዛሬ መድኃኒቱ ላይ ይበቅላል። ጋሼ ኑረዲንም አዩት፣ ምስክሮቹን አዩ፣ «አንድ ጊዜ እንድገመው» አሉ። ደገምነው። ያው ሆነ።

«ዘር ከእናት ወደ ልጅ ብቻ ይወርዳል ብለው አስተማሩን» አሉኝ ያን ዕለት። «እነዚህ ግን ለጎረቤትም ይሰጣሉ። ከዋናው ዘር የተለየች እንደ ቀለበት የምትዞር ትንሽ ክር አለች፤ ካንዱ ጀርም ወደ ሌላው ትሻገራለች። የአንዱ መድኃኒት መከላከያ ብቻ አይደለም እሷ ላይ ያለው፤ የአራቱም ተደርድሯል። አንዱን የተቀበለ ሁሉንም ተቀበለ። እዚያ ጉባኤ ቤት አንዱ ተማሪ ከሌላ አገር መምህር የሰማውን ለጓደኛው ያቀብለው የለም? እንደዚያ በይው።»

«ታዲያ ምሕረቱ መጀመሪያ ለምን ተሻለው?»

«ይኼም አለ። መከላከያው ሁልጊዜ ሥራ ላይ አይደለም፤ ዘበኛ አለው። መድኃኒት በሌለበት ዘበኛው በሩን ዘግቶ ይቀመጣል፤ ጀርሙ በከንቱ አይደክምም። መድኃኒቱ ጥቂት ጥቂት ሲመጣ ዘበኛው ይነሣል፣ ጀርሙም መከላከያውን ይሠራል። ጥቂቱ መድኃኒት ብዙዎቹን ደካሞች ሲገድል በሽተኛው ለጊዜው ይሻለዋል፤ ቤቱን ግን ለብርቱው ይለቅለታል። ግን እኛ ጥቂት አልሰጠንም። ጥቂቱ ከየት መጣ? እሱን የሚነግሩን ተማሪዎቹ ናቸው።»

በማግሥቱ ወደ ጉባኤ ቤቱ ሄድኩ። ልሳኑ ከጎጆው ደጃፍ ተቀምጦ አገኘሁት። ከጓደኛው ሞት ወዲህ ቅኔ አልቆጠረም ብለውኛል።

«ልሳኑ፣ ምሕረቱ የሰጠሁትን ኪኒን ሁሉ ወስዶት ነበር?»

«ወስዷል እንጂ። ድርሻውን።»

«የምን ድርሻ?»

«ድርሻውን ነዋ» አለ፤ ባለመረዳቴ ገርሞታል። «እኛ እዚህ ለምነን ያመጣነውን አንድ ላይ ደባልቀን ነው የምንካፈል። ኪኒኑንም ካኩፋዳው አወጣና ለሁላችን እኩል እኩል አደለን። የታመመውም፣ ሊታመም የፈራውም ወሰደ። እኔም ታምሜ ስትሰጪኝ እንደዚያው አደረግሁ። እዚህ ቤት ለብቻው የሚበላ የለም፣ ሲስተር።»

በኩራት ነው የተናገረው። ልቆጣ አፌን ከፍቼ ነበር፤ የምቆጣው ሰው አጣሁ። ፊቴን አይቶ፣ «ምነው? አጠፋን እንዴ?» አለኝ። ነገርኩት። እህል ሲከፋፈል ሁሉም በጥቂቱ ይጠግባል፣ መድኃኒት ሲከፋፈል ግን ማንንም አያድንም፣ በሽታውን ያበረታዋል አልኩት። ደበሎውን ፊቱ ላይ ሳበ።

ተመልሼ ለጋሼ ኑረዲን ስነግራቸው እጃቸውን ሊታጠቡ ውኃ እያፈሰሱ ነበር። ቆሙ። «ወላሂ፣ እኔም እነሱን ብሆን እንደዚያው ባደረግሁ» አሉ። ከዚያ ወዲህ ለጉባኤ ቤቱ ሰው መድኃኒት ስንሰጥ ጤና ጣቢያው ግቢ መጥቶ ፊታችን እንዲውጥ አደረግን።

ክረምቱ ከወጣ በኋላ ወደ ሞጣ ተዛወርኩ። የሞጣው አለቃዬ ሥርዓት አዋቂ፣ ጋዝ ቆጣቢ ሰው ነበሩ። እንደ ቢቸናው ያለ ሣጥን ሳሠራ «ጋዙ ለመብራት ነው የመጣ» ብለው ተቆጡ። እኔም አልተውኩም፤ በመጨረሻ የላቦራቶሪውን ፋኖስ በራሴ ጋዝ እንዳበራ ፈቀዱልኝ። ብቻዬን ስሠራ ሳላውቀው «የማን ነው?» ስል ራሴን እይዘዋለሁ።

የቅኔ ተማሪ ከመምህር መምህር ይዞራል። በዓመቱ ሞጣ አጠገብ ካለው ጉባኤ ቤት አንድ በሽተኛ አመጡልኝ፤ ልሳኑ ነው። ቢቸናን ጥሎ የሞጣውን መምህር ዝና ሰምቶ የመጣ ነው። ያው ደም፣ ያው የደረቀ ከንፈር። የእሱን ምርመራ ሳልጨርስ ደግሞ መምህሩ ራሳቸው ታመሙ። ተማሪዎቹ የኔታ የሚሏቸው አዛውንት ናቸው፤ ጨዋታ አዋቂ፣ ምላሰ ስለታም፣ ቅኔ የተሳሳተ ተማሪ ፊታቸው መቆም የሚፈራ።

የሁለቱንም ሰገራ አበቀልኩ። ያው ገርጣጣ ጀርም፣ ያው የትኛውንም ወረቀት የሚንቅ። አንድ ወረቀት ብቻ ዙሪያውን ባዶ አደረገ፤ ከምሕረቱ ሞት በኋላ ቢቸና በገባው በአምፒሲሊን ጋሼ ኑረዲን ነክረው የሰጡኝ፤ ያኔ አዲስ መድኃኒት ነበር። መድኃኒቱ ራሱ ግን ሞጣ ላይ የለም። ቴሌ ሄጄ ቢቸና ደወልኩ። መስመሩ ይንኮሻኮሻል፣ ሁለታችንም እንጮኻለን።

«አለኝ» አሉ ጋሼ ኑረዲን። «ለአንድ ሰው ብቻ የሚበቃ ነው። እህል የሚጭነው ሹፌር ዛሬ ወደዚያ ይመጣል፣ እሰጠዋለሁ። አስካለ፣ ለሁለት እንዳትከፍዪው!»

«ሌላኛውስ ምን ይሁን?»

«ውኃ አጠጪው። የገብስ ውኃ፣ ጨው ጣል አድርገሽ። ሳትሰለቺ።»

«ውኃ ያባብስበታል ይላሉ እኮ።»

«ይበሉ! ሌላ ምን አለሽ?»

መድኃኒቱ እንደደረሰ ወደ ጉባኤ ቤቱ ሄድኩ። የኔታ ጎጇቸው ውስጥ ተኝተዋል። ተማሪዎቹን አስወጡና፣ «አንቺ ልጅ፣ ያ ጠርሙስ ስንት ሰው ያድናል?» አሉኝ።

«አንድ፣ የኔታ።»

«ለሁለት ብንካፈለውስ?»

«ማንንም አያድንም።» የምሕረቱን ነገር ሁሉ ነገርኳቸው። ልሳኑ ነግሯቸው አያውቅም። ሰምተው ሲጨርሱ ዓይናቸው እንባ ሞልቷል። አይተውት ለማያውቁት ተማሪ ነው ያለቀሱት።

«ለልሳኑ ስጪው» አሉ።

«የኔታ፣ እርስዎ እኮ…»

«እኔ ብተርፍ ሽማግሌ ነው የሚተርፈው። ስጪው አልኩሽ። ግን እንዲህ ተኝቼ ካየኝ አይውጥልሽም። ነይ አንሺኝ።»

ደግፌ አስነሣኋቸው። ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ግድግዳ ተደግፈው፣ ልሳኑ በተኛበት ማስተማሪያ ጎጆ ከመደባቸው ላይ ተቀመጡ። ልሳኑ ካልጋው ሆኖ ጠርሙሱን አየና መጀመሪያ የጠየቀኝ «የየኔታ ውጤት እንዴት ሆነ?» ብሎ ነው። ያላየሁትን መናገር አልተማርኩም፤ ያየሁትንም መናገር አልቻልኩም። «የኔታን ጠይቃቸው» አልኩት።

«እኔማ ድኛለሁ!» አሉ የኔታ ከመደባቸው። «ድምፄን አትሰማም? ይልቅ ዋጥና ትናንት ያበላሸኸውን ቅኔ አስተካክልልኝ።»

ዋጠ። እኔ ጠዋትና ማታ እየሄድኩ ፊቴ አስዋጥኩት። የኔታም ልሳኑ በነቃ ቁጥር ይቀመጣሉ፣ ያርማሉ፣ ይሳደባሉ፤ እሱ ሲተኛ ይወድቃሉ። ሌሎቹ ተማሪዎች ነገሩን ያውቁታል። ድርሻ ለምደዋልና ሥራውን ተከፋፈሉት፤ አንዱ ገብስ ያፈላል፣ አንዱ እንጨት ይለቅማል፣ አንዱ በጣሳ ይዞ የኔታን ያጠጣል፤ ሲያስታውኩም ቆይቶ ደግሞ ያጠጣል። እኔ እየሄድኩ እቆጣለሁ፦ «አነሰ! ጨምሩ!» ፈርቼ ነበር። በጣም ፈርቼ ነበር።

መድኃኒቱ ሊያልቅ ሲቃረብ ልሳኑ በእግሩ መቆም ጀመረ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ስደርስ ጎጆው ውስጥ ጩኸት ሰማሁ። የኔታ ከመደባቸው ወድቀዋል። ጋቢያቸው ተገልጦ ልሳኑ ደሙን አይቶታል። የቀሩትን ካፕሱሎች መዳፉ ላይ ዘርግፎ ፊታቸው ተንበርክኳል።

«ዋሹኝ፣ የኔታ» ይላል፤ ያለቅሳል። «ዋሹኝ። እንኩ ይውሰዱ። ይኼው ቀርቷል።»

የኔታ እጁን ያዙና ጣቶቹን አንድ ባንድ አጠፉለት። «ዋሸሁ። እሱን ከንስሐ አባቴ ጋር እጨርሰዋለሁ» አሉ፤ ድምፃቸው አይሰማም ማለት ይቻላል። «ይኼ የቀረው እኔን አያድንም፤ አንተ ብትተወው ግን በሽታው ይመለስብሃል። ዕድሜ ልኬን ለብቻህ አትብላ ብዬ አስተምሬያለሁ። አሁን ለብቻህ ዋጥ እልሃለሁ። ዋጥ ልጄ።»

ልሳኑ እኔን አየኝ። «ዋጥ» አልኩት። እየተንሰቀሰቀ ዋጠ። ዋጥ አድርጎም ጣሳውን ከያዘው ተማሪ ተቀበለና ከየኔታ ራስጌ ተቀመጠ። ከዚያ በኋላ ጣሳውን ለማንም አልለቀቀም።

የኔታ ያን ሰሞን እንደሚሞቱ ሁላችንም ቆርጠን ነበር፤ ቄስም ተጠራ። ውኃው ግን አልተቋረጠም። በመጨረሻ አንድ ጠዋት ሣጥኔን ከፍቼ ወደ ጉባኤ ቤቱ ስደርስ ተማሪው ሁሉ ደጃፉ ላይ ተሰብስቧል። ገፋ አድርጌ ገባሁ። የኔታ በክርናቸው ተደግፈው፣ ጣሳውን ከልሳኑ እጅ ተቀብለው ቀመሱ፤ ፊታቸውን አጨማደዱ።

«ጨው አብዝታችኋል» አሉ።

ጎጆው በሳቅ ተናወጠ። እኔም ሳቅኩ፣ አለቀስኩም። የሚያስቀምጣቸው ደም ቆሟል፣ ሽንታቸው መጥቷል፣ ዓይናቸው ተመልሷል። ያለ አንድ ካፕሱል፣ በገብስ ውኃ ብቻ።

ልሳኑ አልሳቀም። ጣሳውን መልሶ ተቀብሎ ውስጡን ያያል። ሳቁ ሲበርድ ወደ እኔ ዞረ።

«ሲስተር» አለኝ ቀስ ብሎ፤ «ይኼን ለምሕረቱ ለምን አላጠጣነውም?»

ተማሪው ሁሉ ፊቴን አየ። ጣሳውን ከእጁ ተቀብዬ የገብሱን ውኃ ሞላሁበትና ለየኔታ አቀረብኩ።